ኩፍኝ ያለበት ሰው በነበረበት ቦታ ነበርኩ፤ አሁን ምን ላድርግ?

መልእክቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰን በቫይበር ነው። አንዱ የጤና መምሪያውን ማስታወቂያ ስክሪንሹት አድርጎ ግሩፑ ላይ ይለጥፋል። ከሥሩ የጸሎት እጆች ይደረደራሉ። «ወይኔ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ከነልጆቼ እዚያ ነበርኩ» የምትል እናት ብቅ ትላለች። አንዱ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ያዛል። ሌላዋ «አሁኑኑ ኢመርጀንሲ ውሰጃቸው» ትላለች። በመጨረሻ አንድ ጋሼ «ይሄ ሁሉ ግርግር ለኩፍኝ ነው? እኛ ሁላችንም ወጥቶብን አድገናል» ብለው ይዘጉታል። ከዚያ ወሬው ወደ ዕድር መዋጮ ይዞራል።

ጋሼን አከብራለሁ። ግን ወጥቶባቸው ያላደጉት ቫይበር ላይ የሉም።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሥራዬ የሕክምና አስተርጓሚነት ነው፣ ብዙውን ጊዜ በስልክ። ሐኪም አይደለሁም፤ ነርስ ለእናት፣ እናት ለነርስ የምትለውን ሳመላልስ ስለምውል ግን ሰው የት ላይ እንደሚደናገር አያለሁ። ስለዚህ ይችን ጻፍኩ፣ ግሩፑ ላይ በድምፅ መልእክት ከምደጋግመው አንዴ ጽፌ ልላክላችሁ ብዬ።

መጀመሪያ «ተጋልጫለሁ ወይ?» የሚለውን እንፍታ። ብዙ ሰው መጋለጥን ከመነካካት ጋር ያያይዘዋል። «ማንንም አልጨበጥኩም፣ ማንም አላሳለብኝም» ይላል። ኩፍኝ እንደዚያ አይሠራም። በአየር ነው የሚሄደው። የታመመው ሰው ክፍሉን ለቆ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት ያህል አየሩ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ሰውየውን በዓይናችሁ ሳታዩት፣ እሱ ከሄደ ከአንድ ሰዓት በኋላ እዚያው ብትገቡ በሽታው ሊይዛችሁ ይችላል። መከላከያ ከሌላቸው ሰዎች መካከል ደግሞ ከታማሚው ጋር አንድ አየር ከተጋሩ 10 ሰዎች እስከ 9ኙ ይያዛሉ። ኮቪድ ያን ሁሉ አሳይቶን እንኳ እንደዚህ አልነበረም።

ለዚህ ነው ማስታወቂያዎቹ ቦታና ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓትም የሚጽፉት። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 የቨርጂኒያ ጤና መምሪያ ያወጣውን አስታውሳለሁ። ከውጭ አገር የተመለሰ አንድ ሰው ጃንዋሪ 3 ቀን ደለስ ኤርፖርት፣ ከዓለም አቀፍ በረራ የሚወጣበት ዋናው ተርሚናል ውስጥ ነበር፣ ከቀትር በኋላ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ተብሎ ተጻፈ። በማግስቱ ደግሞ ሬገን ናሽናል የሚባለው ሌላው ኤርፖርት፣ ተርሚናል ኤ። ደለስ ለእኛ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የአዲስ አበባው አውሮፕላን የሚያርፈው እዚያ ነው። አንድ ሰው ለመቀበል ሦስት መኪና ሙሉ ቤተሰብ አበባ ይዞ የሚቆምበት ቦታ ነው። ፓርኪንጉ ላይ፣ ዊልቸር የሚገፉት ውስጥ፣ ታክሲና ኡበር ተራው ላይ የኛ ሰው ሞልቷል። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሰውየው ቆሞ የነበረበት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ከሄደ በኋላ ያለው ጊዜም ይደመርበታል። ስለዚህ «እኔ ወደ መጨረሻው ነው የደረስኩት» ማለት አያስጥልም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። ማስታወቂያውን ለእናታችሁ ስትነግሩ ሰዓቱን ገልብጡት። የፈረንጁን 4 ሰዓት እንዳለ ከነገራችኋት ረፋድ ላይ ነው የሚመስላት። ለእሷ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። «ኧረ እኔ ጠዋት አልወጣሁም» ብላ እርግፍ አድርጋ ትተወዋለች።

አሁን ቀኑም ሰዓቱም ገጠመ እንበል። እዚያ ነበራችሁ። ከመደንገጥ በፊት የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ክትባት አላችሁ? አላችሁ ማለት ደግሞ ወረቀት አላችሁ ማለት ነው።

ኤም ኤም አር የሚባለውን የኩፍኝ ክትባት ሁለቱንም ዶዝ የወሰደ ሰው 97 በመቶ ያህል የተጠበቀ ነው። አንድ ዶዝ 93 በመቶ ያህል ይከላከላል። ሁለት ዶዝ በወረቀት ካላችሁ ሥራችሁን ሥሩ፣ ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ላኩ፣ ለጥቂት ሳምንት ራሳችሁን ብቻ ተከታተሉ። እዚህ ተወልዶ እዚህ ሐኪም ሲያየው ያደገ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለበትም፤ የመጀመሪያውን ከ12 እስከ 15 ወሩ፣ ሁለተኛውን ከ4 እስከ 6 ዓመቱ ይወስዳል። ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁ ማይ አይ አር በሚባለው ድረ ገጽ ተመዝግባችሁ የክትባት መዝገባችሁን ከስልካችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ቨርጂኒያ ከሆናችሁ የልጁ ሐኪም ቢሮ ከስቴቱ መዝገብ ላይ ያይላችኋል።

ችግሩ የሚጀምረው እኛ ጋ ነው። አገር ቤት የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው ሕፃኑ 9 ወር ሲሞላው ነው። ሁለተኛው ዶዝ በ15 ወር የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከዚያ በፊት ያደገ ልጅ በመደበኛው መርሐ ግብር የሚያገኘው የ9 ወሩን አንዱን ነበር፤ ሌላ ካገኘ በዘመቻ ነው፣ በዘመቻ የተሰጠ ክትባት ደግሞ እናት እጅ ላይ ካርድ የሚተው ስንቱ ነው? እዚህ አሜሪካ ደግሞ ከአንደኛ ዓመት ልደት በፊት የተሰጠ ዶዝ ከሁለቱ አይቆጠርም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የመጣች ልጅ፣ እናቷ ቢጫ ካርዷን በክብር አስቀምጣ፣ በዚህ አገር ሂሳብ ግን ዜሮ ልትሆን ትችላለች። እናቶች ይህን ስተረጉምላቸው በጣም ይናደዳሉ። «ተከትባለች እኮ እያልኩሽ ነው!» እውነታቸውን ነው፣ ተከትባለች። የመከላከል አቅሙ በዚያ ዕድሜ ደካማ ሊሆን ስለሚችል ነው እንደገና የሚሰጣት። ብስጭቱ ይገባኛል፤ ግን ከነርሷ ጋር አትጣሉ፣ ክትባቱን ብቻ አስወስዷት።

አዋቂዎች ደግሞ ወረቀታችሁን የረሳችሁበት ቦታ አለ። በዲቪ ወይም በቤተሰብ ቪዛ የመጣችሁ ከሆነ ለቪዛው የሕክምና ምርመራ ስታደርጉ ክትባት ተሰጥቷችኋል፣ እሱም ዲኤስ-3025 በሚባል ቅጽ ላይ ተመዝግቧል። ቅጂውን የሰጧችሁ ከሆነ ከዲግሪያችሁ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ተኝቶ ይሆናል። እዚሁ ሆናችሁ በጥገኝነት ወይም በሌላ መንገድ ግሪን ካርድ ያወጣችሁ ደግሞ ሐኪሙ የሞላው አይ-693 አለ፤ እሱም ላይ ክትባቱ ይጻፋል። ልብ በሉ፣ ብዙ ሰው በዚያ ጊዜ አንዱን ዶዝ ወስዶ ሁለተኛውን ከ28 ቀን በኋላ ውሰድ ተብሎ ሳይመለስ የቀረ ነው።

ለጥየቃ ወይም ልጃቸውን ሊያርሱ የመጡ እናቶችስ? ለቱሪስት ቪዛ ክትባት አይጠየቅም። በአሜሪካ መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ1957 በፊት፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1949 ገደማ በፊት የተወለደ ሰው በልጅነቱ ይዞት አልፏል ተብሎ ይታሰባል። እናቶቻችን ግን ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ የተወለዱ ናቸው፣ ፓስፖርታቸው ላይ ያለው የልደት ቀን ራሱ በግምት የተሞላም አለ። «በልጅነቴ ወጥቶብኛል» ማለት ደግሞ እንደ ማስረጃ አይያዝላቸውም፤ ሽፍታ የሚያወጣ በሽታ ብዙ ነው፣ ጉድፍም ሊሆን ይችላል። የደም ምርመራ ግን ቁርጡን ይናገራል።

ወረቀት ከሌላችሁ፣ ልጃችሁ ከዓመት በታች ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ወይም የሰውነት መከላከያን የሚያደክም ሕመም ወይም መድኃኒት ካለባችሁ፣ አሁን ሰዓት መቁጠር አለባችሁ።

ክትባቱ ከተጋለጡበት ጊዜ ጀምሮ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተወሰደ በሽታውን ሊያስቀር ወይም ሊያቀልለው ይችላል። ይህ ዕድሜያቸው 6 ወር ለሞላ ሕፃናትም ይሠራል። ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን፣ ክትባት ለሌላት ነፍሰ ጡርና መከላከያው ለደከመ ሰው ግን ክትባቱ አይሰጥም። ለእነሱ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል፣ ከሰው ደም የተዘጋጀ መከላከያ አለ፤ በ6 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ነፍሰ ጡር የሆነች እህታችሁ ፋርማሲ ሄዳ ኤም ኤም አር ስጡኝ እንዳትል ንገሯት። ሐኪሟን ትጥራ።

እና እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ማስታወቂያው የሚወጣው ዘግይቶ ነው። ኩፍኝ የያዘው ሰው ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን ቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል። ያኔ እሱ ራሱ ጉንፋን የያዘው ነው የሚመስለው። ሽፍታው ይወጣል፣ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፣ ናሙና ተወስዶ ላብራቶሪ ይገባል፣ ውጤት ይመጣል፣ የጤና መምሪያው የት የት እንደነበር ይጠይቀዋል፣ ከዚያ ለሕዝብ ይነገራል። ያ የደለሱ ማስታወቂያ ለሕዝብ የደረሰው ከሳምንት በላይ ቆይቶ ነበር። 72 ሰዓቱም 6 ቀኑም አልፏል። ይህን የምላችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። ወረቀታችሁን መፈለግ የምትጀምሩት ማስታወቂያው ሲመጣ ከሆነ ጨዋታው አልቋል ለማለት ነው። ዛሬ ማታ ፈልጉት፣ ፎቶ አንሱት፣ ስልካችሁ ላይ ይቀመጥ። ከሌለ ሄዳችሁ ተከተቡ። ቀድሞ የተከተበ ሰው ቢደግመው አይጎዳም። የደም ምርመራ ውጤት እስኪመጣ እየተጠበቀ 72 ሰዓቱ እንዲያልፍ ማድረግም ትርጉም የለውም። ጊዜው ካለፈ በኋላም ቢሆን፣ ያሁኑን ባያስጥል ለሚቀጥለው ይሆናልና ውሰዱት።

ኢንሹራንስ የለኝም የምትሉ፣ ዕድሜያቸው እስከ 18 ለሆኑ ኢንሹራንስ ለሌላቸው ወይም ሜዲኬይድ ላላቸው ልጆች ክትባቱ በፌዴራል ፕሮግራም በነፃ ይሰጣል። ለአዋቂ የካውንቲውን ጤና መምሪያ ጠይቁ፣ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚሰጡ ክሊኒኮች አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደውሉ። አትሂዱ፣ ደውሉ።

የኛ ሰው ሲጨንቀው በአካል መሄድ ይወዳል። ስልክ ላይ «ፕሬስ ዋን» ሲሉት ይዘጋና መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። በሌላ ጊዜ ምንም አይደል። ኩፍኝ ጋ ግን እናንተ ኢመርጀንሲ መጠበቂያው ውስጥ ልጅ አቅፋችሁ ስትቀመጡ፣ ከጎናችሁ ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሰው አለ፣ የሁለት ሳምንት ሕፃን አለ። ልጃችሁ ይዞት ከሆነ ያ ክፍል ራሱ የሚቀጥለው ማስታወቂያ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ለሐኪማችሁ ወይም ለካውንቲው ጤና መምሪያ ትደውላላችሁ። «ሚዝልስ ኤክስፖዠር» (ለኩፍኝ መጋለጥ ማለት ነው) የሚለውን ቃል መጀመሪያ ተናገሩ፣ ታሪኩ በኋላ ይደርሳል። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ፣ የሁሉንም ዕድሜና ክትባት ንገሯቸው። እርጉዝ ወይም ሕፃን ካለ ሳትጠየቁ ንገሩ። እባካችሁ ደግሞ በአሥር ዓመት ልጃችሁ እንግሊዝኛ አትነጋገሩ። «አማርኛ ኢንተርፕሪተር» በሉና መስመሩ ላይ ቆዩ። በነፃ ነው። ዲሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለ፣ አማርኛም ሕጉ ከሚያገለግላቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። እኛ አስተርጓሚዎች እስክንገባ ትንሽ ይቆያል፣ ያን ጊዜ ነው ብዙ ሰው ስልኩን የሚዘጋው።

መከላከያ የሌለው ሰው ከተጋለጠ በኋላ 21 ቀን ቤት እንዲቆይ ሊነገረው ይችላል። ኢሚዩኖግሎቡሊን የተሰጠው ከሆነ ክትትሉ 28 ቀን ይሆናል። በ72 ሰዓት ውስጥ የተከተበ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ትምህርት ቤትና ዴይኬር መመለስ ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ግን ጤና መምሪያው ነው፣ እኔም አይደለሁም፣ የቫይበር ግሩፑም አይደለም። ኡበር ለሚነዳ፣ በሰዓት ለሚከፈለው ሰው 21 ቀን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የቤት ኪራይ ማለት ነው። ለአሠሪ የሚሰጥ ደብዳቤ ጠይቁ። ሁለት ክትባት የወሰደ ሰው ግን ከሥራው መቅረት አያስፈልገውም፤ ይሄም ወረቀቱን ለመፈለግ በቂ ምክንያት ነው።

ከሥራው ይልቅ የሚያስቸግረው ግን ማኅበራዊ ኑሯችን ነው። በ21 ቀን ውስጥ አንድ ለቅሶ፣ አንድ ክርስትና፣ አንድ ማኅበርና ቢያንስ ሦስት እሑድ አለ። ቤተ ክርስቲያናችንን ታውቁታላችሁ፤ ቤዝመንቱ ውስጥ ሕፃናት እንደ ጉድ ይሯሯጣሉ፣ እናቶች ከበር እስከ በር ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፣ መስኮት የለም። መስጊዱም በዓርብ እንደዚያው ነው። ከሁሉም በላይ የምፈራው አራስ ጥየቃን ነው። ገንፎው ይበላል፣ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ እያንዳንዷ ጠያቂ ግንባሩን ትስማለች። የወለደችው እናት ክትባት የወሰደች ወይም በሽታውን ያለፈች ከሆነች ሕፃኑ ከእሷ የወረሰው መከላከያ ለጥቂት ወራት ሊረዳው ይችላል፤ እየቀነሰ ይሄዳል ግን፣ የራሱን ክትባት እስኪያገኝ ድረስ ደግሞ በሁሉ ሰው ጥንቃቄ ላይ ነው ያለው።

እና «ሳልጠይቃት ብቀር ምን ትለኛለች?» የሚባለው ይሉኝታ አለ። መልስ ላበድራችሁ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ የኔ እመቤት። ኩፍኝ የታየበት ቦታ ስለነበርን እስከዚህ ቀን ድረስ ወደ ሕፃን እንዳትጠጉ ተብለናል። ገንፎው ይቆየኝ።» አበቃ። ካኮረፈች ታኩርፍ። በሩ ላይ ምግብ አስቀምጦ መሄድም ጥየቃ ነው።

በእነዚህ ቀናት ምን ትጠብቃላችሁ? የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ከተጋለጡ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይመጣል። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ ንፍጥ፣ ቀልቶ የሚያለቅስ ዓይን። በኛ ቤት ይሄ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ምች መታው! ዳማከሴው ይታሻል፣ ልጁ ይጠቀለላል፣ ሁለት ቀን ይባክናል። ዳማከሴ ላይ ጥል የለኝም፣ ሽታው ራሱ ያድነኛል። ግን ማስታወቂያው ላይ ያለ ቦታ የነበረ ልጅ ትኩሳት ከጀመረው ስልኩ ይቅደም። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ጉንጩ ውስጥ እንደ ጨው ቅንጣት ያሉ ነጫጭ ነጥቦች ሊታዩ ይችላሉ። ምልክቱ በጀመረ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ሽፍታው ይወጣል፤ ከፀጉር መስመርና ከፊት ይጀምርና ወደ አንገት፣ ወደ ደረት፣ ወደ እግር ይወርዳል።

መጽሐፍና ድረ ገጽ ላይ የምታዩት ፎቶ ደማቅ ቀይ ሽፍታ ነው፣ በነጭ ቆዳ ላይ። የኛ ልጆች ላይ እንደዚያ ላይጎላ ይችላል። ጠቆር ያለ ወይም ከቆዳው ጋር የተመሳሰለ ይሆናል። በደህና ብርሃን እዩ፣ በእጃችሁ ዳብሱ፣ የሚሻክር ነገር አለ? ዓይኑ ቀልቷል? ሐኪሙም ላያስተውለው ስለሚችል «ፊቱ እንዲህ አልነበረም» ብላችሁ ተናገሩ። በመካከል አንቲባዮቲክ የተሰጠው ልጅ ከሆነ ደግሞ ሽፍታውን «መድኃኒቱ አልስማማው ብሎ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የተጋለጠበትን ቀን ደግማችሁ አስታውሷቸው።

ምልክቱ ከመጣ ከቤት አትውጡ፣ ሽፍታው ከወጣ በኋላ እስከ 4 ቀን ድረስ። ሐኪም ማየት ካለበት ቀድማችሁ ደውሉ። መኪና ውስጥ ጠብቁ ሊሏችሁ፣ ማስክ ሊያስደርጓችሁ፣ በሌላ በር ሊያስገቧችሁ ይችላሉ። እንዳትቀየሙ፣ ዘረኝነትም አይደለም፣ ሁሉንም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ትንፋሽ ካጠረው፣ ከደነዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ምንም አልጠጣ ካለና ሽንቱ ከቀረ ግን 911 ነው፤ ኩፍኝ ሊሆን እንደሚችል እዚያው ስልኩ ላይ ንገሯቸው።

የአያቶቻችንን አስተያየት በተመለከተ፣ ግማሹ ልክ ነው። ኩፍኝ የወጣበትን ልጅ ጨለም ባለ ክፍል ማስተኛት ክፋት የለውም፣ ብርሃን ዓይኑን ስለሚያስቸግረው ያርፍበታል። ከሰው መለየቱም ጥሩ ነው፣ እነሱ በራሳቸው ምክንያት ቢያደርጉትም። «መርፌ አይስማማውም፣ ሐኪም ቤት እንዳይሄድ» የሚለው ግን ልጅ የሚያስቀብር ነገር ነው። ኩፍኝ ከያዛቸው 20 ሕፃናት አንዱ ያህል የሳንባ ምች ይይዘዋል። ከ1,000 አንዱ ያህል አንጎሉ ያብጣል። ከ1,000 ከ1 እስከ 3 ይሞታሉ፣ ይሄ ደግሞ ሆስፒታል ባለበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ቴክሳስ ውስጥ ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት በቆየው ወረርሽኝ 762 ሰው ተይዞ ሁለት ልጆች ሞተዋል፣ ሁለቱም አልተከተቡም ነበር። ይህች አገር ኩፍኝን እ.ኤ.አ. በ2000 አጥፍቻለሁ ብላ ነበር።

በዚያው ወረርሽኝ ጊዜ ቫይታሚን ኤ ይከላከላል የሚል ወሬ ነግሦ፣ በኩፍኝ ሐኪም ቤት ከገቡት ልጆች አንዳንዶቹ አብዝተው ወስደውት ጉበታቸው ታውኮ ተገኝቷል። ቫይታሚን ኤ ለታመመ ልጅ ሐኪም ለክቶ የሚሰጠው ነው። በሽታውን አይከላከልም፣ ከሱቅ ገዝቶ በማንኪያ መስጠትም አይገባም። ለትኩሳቱም ቢሆን ለልጅ አስፕሪን አትስጡ።

መጨረሻ ላይ፣ ክረምቱ ሲመጣ ሕፃን ይዛችሁ አገር ቤት ለምትሄዱ። ኢትዮጵያ ውስጥ ኩፍኝ አሁንም አለ፣ ወረርሽኙም በየጊዜው ይነሣል። ልጃችሁ ከ6 እስከ 11 ወር ባለው ዕድሜ ላይ ከሆነ ከጉዞው በፊት አንድ ኤም ኤም አር መውሰድ አለበት፣ ቢቻል ከበረራው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ። ዓመት የሞላው ደግሞ ሁለቱንም ጨርሶ ቢሄድ ነው የሚሻለው፤ አራት ዓመት እስኪሆነው መጠበቅ የለበትም፣ በመካከላቸው 28 ቀን ካለ ይበቃል። ብዙ የልጆች ሐኪሞች ጉዞ እንዳለ ካልነገራችኋቸው በራሳቸው አያነሡትም፣ ስለዚህ ትኬቱን የቆረጣችሁ ዕለት ቀጠሮ ያዙ። ከዓመት በፊት የተሰጠው ዶዝ ከሁለቱ አይቆጠርም፤ ዓመት ሲሞላው ሁለቱን እንደ አዲስ ይጀምራል።